የብር ዋጋና የሐዋሳ ስድሳ ዓመታት

ሐዋሳ ከኢትዮጵያ የወረቀት ብር በዕድሜ ታንሳለች፤ ከብሔራዊ ባንክ ግን ትበልጣለች። ዛሬ በእጃችን ለሚገኘው ገንዘብ መሠረት የሆነው አዋጅ ሥራ ላይ የዋለው ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ የልደት ቀን ነው። ከተማዋ በሐይቁ ዳር የተቆረቆረችው በ1952 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ1955 ዓ.ም. አዋጅ ተቋቁሞ በታኅሣሥ 1956 ሥራውን ጀመረ። ከተማዋና ባንኩ አብረው አደጉ ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ስለ ሐዋሳ ሲወራ የሚነሳው ሐይቁ፣ የአሞራ ገደል ዓሣ፣ የታቦር ተራራና ሰፋፊው ጎዳና ነው። የምንዛሪ ተመንና የወለድ ምጣኔ የከተማዋን ኑሮ ምን ያህል እንደቀረጹ የሚያነሳ ግን እምብዛም አይገኝም። በሲዳማ ኮረብታዎች ያለው ገበሬ ለእሸት ቡናው የሚከፈለው ገንዘብ፣ የመሃል ከተማው ነጋዴ ዕቃ የሚያስመጣበት ዋጋ፣ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ልብስ የምትሰፋው ወጣት የደመወዟ የመግዛት አቅም፣ እነዚህ ሁሉ በብዛት የሚወሰኑት በሁለት ተቋማት ነው። አንዱ አዲስ አበባ ያለው ብሔራዊ ባንክ ነው። ሌላው ዋሽንግተን ያለው የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ፣ የፌዴራል ሪዘርቭ ነው። ሁለተኛው ስለ ሐዋሳ አንድም ቀን አስቦ ላያውቅ ይችላል። ውሳኔው ግን ሐዋሳ ደርሷል፣ ያውም ደጋግሞ።

ብር በወረቀት ከመውጣቱ በፊት በደቡቡ የቡና አገር የሚታመነው ገንዘብ ጠገራው የማርትሬዛ ብር ነበር። 1780 የሚለው ዓመተ ምሕረት ሳይለወጥ እየተደጋገመ የሚቀረጸው ይህ የኦስትሪያ ብር ዋጋው በውስጡ ባለው ብር ስለሚለካ፣ የኢትዮጵያ ገበያ ሳያውቀው የዓለም የብር ማዕድን ዋጋ ተከታይ ሆኖ ኖሯል። ዳግማዊ ምኒልክ በየካቲት 1898 ያስመረቁት የአቢሲኒያ ባንክም ቢሆን በግብፅ ብሔራዊ ባንክ ሥር የሚተዳደር ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ባንኩን በ1923 ዓ.ም. ገዝተው የኢትዮጵያ ባንክ አሉት። የጣሊያን ወረራ ግን ይህን ጅምር አምስት ዓመት ሳይሞላው አቋረጠው።

ከነፃነት በኋላ ሚያዝያ 1935 ላይ የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ሥራ ጀመረ። ገዥው ጆርጅ ብላወርስ የተባለ አሜሪካዊ ነበር። ይህ ሰው ከብላታ ኤፍሬም ተወልደ መድኅን ጋር በ1936 ዓ.ም. ክረምት አሜሪካ ውስጥ ብሬተን ዉድስ በተባለች መንደር በተካሄደው ጉባኤ ኢትዮጵያን ወክሎ ተገኝቷል። ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅትና የዓለም ባንክ የተወለዱበት ጉባኤ ነው። ከአፍሪካ የተጋበዙት አራት አገሮች ብቻ ነበሩ፦ ግብፅ፣ ላይቤሪያ፣ ደቡብ አፍሪካና ኢትዮጵያ። ከፋሺስት ወረራ ነፃ ከወጣች ገና ሦስት ዓመት የሆናት አገር በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጧ ትልቅ ነገር ነው፤ በታሪክ መጻሕፍታችን ከዚህ የበለጠ ቦታ ይገባው ነበር።

ከጉባኤው ማግስት የወጣው ብር በወርቅ የተለካ ሆነ። አንድ ብር 5.52 ግሬይን ንጹሕ ወርቅ ያህል ዋጋ ተሰጠው፤ ስለዚህ አንድ የአሜሪካ ዶላር በ2 ብር ከ48 ሳንቲም ተመነዘረ። ወረቀት ያልለመደውን ገበሬ ለማሳመን ከአሜሪካ በተገኘ የብር ማዕድን ሃምሳ ሳንቲሞች ተቀርጸው ወጡ። ጠገራውን ሲመዝን፣ ሲያንኳኳ፣ የንግሥቲቱን ጌጥ ሲቆጥር የኖረ ሻጭ በወረቀት ላይ ያለ ማኅተም እንዲያምን ማድረግ በአዋጅ ብቻ የሚሆን አልነበረም።

ብሔራዊ ባንክ ከንግድ ባንክ ተለይቶ ሲቆም የመጀመሪያው ገዥ አቶ ምናሴ ለማ ሆኑ። ሥራው በዚያ ዘመን ሚዛን ቀላል ይመስላል። ዶላር ከወርቅ ጋር ታስሯል፣ ብር በወርቅ ተለክቷል፣ ተመኑ 2 ብር ከ50 ሳንቲም ነው፤ ባንኩ ይህን መጠበቅ ነበረበት። በእነዚያው ዓመታት ሐዋሳ ይርጋለምን ተክታ የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ሆነች። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በዲላ በኩል ወደ ሞያሌ የሚወርደው መንገድ የሚያልፍባት በመሆኗ የቡና መኪና፣ የባንክ ቅርንጫፍና መንግሥት መሥሪያ ቤት ተከታትለው ገቡባት።

ከዚያ ነሐሴ 9 ቀን 1963 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ኒክሰን ዶላርን ከወርቅ አላቀቁት። የብሬተን ዉድስ ሥርዓት በአንድ የእሑድ ምሽት ንግግር ተናጋ። ዶላር በወርቅ ሲለካ ዋጋው ሲወርድ ኢትዮጵያ አልተከተለችም፤ ብርን በቀድሞው የወርቅ ልክ አቆየችው። በውጤቱ ዶላር በታኅሣሥ 1964 ወደ 2 ብር ከ30፣ በየካቲት 1965 ደግሞ ወደ 2 ብር ከ7 ሳንቲም ወረደ። ማለትም ብር ከዶላር አንጻር ከበደ። ወዲያው ሁሉም ነገር ተለወጠ፤ አብዮቱ መጣ፣ ደርግ ታኅሣሥ 23 ቀን 1967 ባንኮችን ወረሰ፣ በ1969 ዓ.ም. የገንዘብ ኖቶቹ ተቀየሩ። ያ 2 ብር ከ7 ሳንቲም ብቻ ሳይነካ ቀረ። እስከ መስከረም 1985 ድረስ፣ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በላይ።

ብዙ ኢትዮጵያውያን ያን ዘመን በናፍቆት ያነሱታል። «ዶላር ሁለት ብር ነበር» የሚለው አባባል ዛሬም በየቡና ቤቱ ይሰማል፤ የጥንካሬ ምልክት ተደርጎ። የተረጋጋ ተመን ጥቅም አልነበረውም ማለት አይቻልም። ነዳጅና መድኃኒት በርካሽ ይገባ ነበር፣ ከድርቅ ዓመታት በስተቀር የዋጋ ንረቱም ዝቅተኛ ነበር። ወጪውን ማን ከፈለው የሚለው ጥያቄ ግን መጠየቅ አለበት፤ መልሱም ከሐዋሳ አውራ ጎዳና ብዙ ሳይርቅ ይገኛል።

አንድ ኪሎ ቡና በዓለም ገበያ 1 ዶላር ከ50 ሳንቲም ቢያወጣ፣ በ2 ብር ከ7 ሳንቲም ሲመነዘር 3 ብር ከ10 ሳንቲም ያህል ይሆናል። ከዚህ ላይ ግብር፣ መጓጓዣና የመንግሥት የቡና ገበያ ኮርፖሬሽን ድርሻ ይነሳል። ተመኑ 5 ብር ቢሆን ያው ኪሎ 7 ብር ከ50 ሳንቲም ያመጣ ነበር። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከገበሬው ኪስ ወጥቶ ከውጭ ዕቃ ለሚገዛው፣ በተለይም ለመንግሥት የሄደ ነው። ማንም ግብር ብሎ አልጠራውም፤ ደረሰኝም አልተቆረጠለትም። የገባው ገበሬ ቡናውን በሌሊት በኮንትሮባንድ ወደ ኬንያ የሚያሻግር ፈለገ፤ ያልቻለው ደግሞ ለቡና ዛፉ የሚያደርገውን እንክብካቤ ቀነሰ።

በዚህ ላይ ዋሽንግተን ተጨመረ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የፌዴራል ሪዘርቭ ሊቀመንበር ፖል ቮልከር የአሜሪካን የዋጋ ንረት ለመስበር ወለድን ወደ 20 በመቶ ከፍ አደረጉ። ገንዘብ ከዓለም ዙሪያ ወደ አሜሪካ ጎረፈ፣ ዶላር በሌሎች ገንዘቦች ላይ ለዓመታት ወጣ። ብር ደግሞ ከዶላር ጋር ታስሮ ስለነበር አብሮ ወጣ። አዲስ አበባ ውስጥ ማንም ሳይወስን፣ በ1977ቱ የረሃብ ዓመት ጭምር፣ የኢትዮጵያ ገንዘብ በአውሮፓ ገንዘቦች ሲለካ እየከበደ ነበር። ሜክሲኮና ብራዚል በዚያው ወለድ ምክንያት ዕዳ መክፈል አቃታቸው። የሲዳማ ገበሬ የውጭ ዕዳ አልነበረበትም፤ እሱ የከፈለው በቡናው ነው።

የመጨረሻው ምት የመጣው በ1981 ዓ.ም. ክረምት ነው። ላኪ አገሮች በኮታ ዋጋ የሚጠብቁበት ዓለም አቀፍ የቡና ስምምነት ፈረሰ፤ የዓለም ዋጋም በወራት ውስጥ በግማሽ ገደማ ወደቀ። ተመኑ ግን ያው ነበር። ቢለወጥ ኖሮ የውድቀቱን ከፊል ጉዳት ያለዝብ ነበር፤ የምንዛሪ ተመን ለዚህ ዓይነቱ ቀን የሚያገለግል መሣሪያ ነው። ደርግ ግን ጦርነት ላይ ነበር፣ ርካሽ ዶላርም ይፈልግ ነበር።

መስከረም 21 ቀን 1985 ዓ.ም. የሽግግር መንግሥቱ ዶላሩን 5 ብር አደረገው። ቀጥሎ የውጭ ምንዛሪ ጨረታ መጣ፣ በ1986 ዓ.ም. የግል ባንክ ተፈቀደ፣ የቡና ንግዱም ተከፈተ። ከሐዋሳ እስከ ዲላ ባለው መንገድ ዳር የግል መፈልፈያዎችና የእሸት ቡና ማጠቢያዎች በረከቱ። በ1993 ዓ.ም. የሲዳማ ቡና አምራች ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን ተቋቋመ። ቆይቶም የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሐዋሳ ላይ የቡና መቀበያና መቅመሻ ከፈተ። አቅራቢው ቡናውን እዚያ ያደርሳል፣ ናሙና ይወሰዳል፣ ቀማሾች በማንኪያ እየመጠጡ ደረጃ ይሰጡታል፣ ከዚያም ይሸጣል።

የተሐድሶው ዘመን ግን ሌላ ችግር ይዞ መጣ። በ2000ዎቹ መንግሥት ግድብ፣ መንገድና ፋብሪካ በፍጥነት ለመሥራት ቆረጠ፤ ገንዘቡን ለማግኘትም ብሔራዊ ባንክን ተጠቀመ። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የግል ባንኮች ካበደሩት እያንዳንዱ ብር 27 በመቶ የሚሆን የብሔራዊ ባንክ ቦንድ እንዲገዙ ተገደዱ፤ ወለዱ 3 በመቶ ብቻ ነበር። በመሃል ከተማ ያለ ነጋዴ ብድር ሲጠይቅ ባንኩ የሚሰጠው ገንዘብ ያጥረው ነበር፤ ያጠረው ገንዘብ ወደ ቦንዱ ሄዷል። ግንባታው አያስፈልግም ነበር ለማለት አይደለም። የአገር ማዕከላዊ ባንክ ዋና ሥራው የዋጋ መረጋጋት ሳይሆን የመንግሥትን ፕሮጀክት መመገብ ሲሆን ግን ሒሳቡን በመጨረሻ የሚከፍለው በገበያ ጤፍና ዘይት የሚገዛው ሰው ነው፤ በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ሲደርስ የታየውም ይኸው ነው።

ብሩም ይወርድ ነበር፣ በዝላይ። ነሐሴ 2002 ላይ 17 በመቶ ገደማ፣ ጥቅምት 2010 መግቢያ ላይ ደግሞ 15 በመቶ ዋጋው እንዲቀንስ ተደረገ። በዝላዮቹ መካከል ተመኑ ከእውነቱ እየራቀ ይሄድ፣ ጥቁር ገበያው ይሰፋ፣ ባንክ ቤት የዶላር ወረፋ ይረዝም ነበር። ከዚህ የተነሳ በቡናው ንግድ ውስጥ አንድ አስገራሚ አሠራር ተለመደ። ላኪው ቡናውን ከገዛበት ዋጋ በታች ለውጭ ገዥ ይሸጥ፣ በቡናው ይከስር ነበር። ባገኘው ዶላር ግን መኪና፣ ቆርቆሮ ወይም የግንባታ ዕቃ አስገብቶ ኪሳራውን አካክሶ ያተርፍ ነበር። ለእሱ ቡናው ዶላር ማግኛ ነበር። በዚህ መሃል በዓለም ገበያ የኢትዮጵያ ቡና ዋጋ ይሰበር፣ ቡናን በቡናነቱ ብቻ የሚሸጠው ዩኒየን ደግሞ ከኪሳራ ሻጭ ጋር እንዲወዳደር ይገደድ ነበር። በጥር 2014 ገደማ የወጣው መመሪያ ይህን ይበልጥ አጠበቀው። ላኪው ካመጣው መቶ ዶላር ሰባው ለብሔራዊ ባንክ፣ አሥሩ ለባንኩ ሆኖ ለራሱ የሚቀረው ሃያ ብቻ ነበር።

ከሁሉ በላይ የሐዋሳንና የዋሽንግተንን ክር በግልጽ የሚያሳየው ግን ኢንዱስትሪ ፓርኩ ነው።

ከእ.ኤ.አ. 2008ቱ የዓለም የገንዘብ ቀውስ በኋላ የፌዴራል ሪዘርቭ ወለዱን ወደ ዜሮ አወረደ። የአውሮፓና የጃፓን ማዕከላዊ ባንኮችም እንዲሁ። ገንዘብ የያዙ ትልልቅ ተቋማት በአገራቸው ወለድ ስላጡ ከዚያ በፊት ዞር ብለው ወደማያዩአቸው አገሮች ፊታቸውን አዞሩ። ጋና፣ ዛምቢያ፣ ሩዋንዳ፣ ሴኔጋል በዶላር ቦንድ ሸጡ። ኢትዮጵያም በ2007 ዓ.ም. የመጀመሪያዋን ዩሮቦንድ አወጣች። መጠኑ 1 ቢሊዮን ዶላር፣ ጊዜው አሥር ዓመት፣ ወለዱ 6.625 በመቶ ነበር። ከዚያ ገንዘብ ከፊሉ ሐዋሳ ላይ ፋብሪካ ሆነ። ሲሲኢሲሲ የተባለው የቻይና ተቋራጭ በዘጠኝ ወር ያህል ውስጥ ግዙፎቹን የፋብሪካ አዳራሾች ገጣጠማቸው። ሐምሌ 6 ቀን 2008 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ መረቁት። ወጪው ወደ 250 ሚሊዮን ዶላር ይጠጋል፤ የተጠበቀው የሥራ ዕድል 60 ሺህ ነበር።

ከሲዳማና ከወላይታ ገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች የከተማዋን መልክ ለወጡ። ሰርቪስ አውቶብሶች በፈረቃ ሰዓት መንገዱን ይሞላሉ፤ በየሰፈሩ ያሉ ግቢዎች አነስተኛ ክፍሎች እየቀጠሉ ማከራየት ጀመሩ፤ አንዷን ክፍል ሦስትና አራት ሆነው የሚከራዩ ብዙዎች ናቸው። በ2011 ዓ.ም. የታተመ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት የሠራተኞቹን ወርሃዊ መነሻ ደመወዝ 26 ዶላር ገደማ ብሎ አስቀመጠው፤ ልብስ ከሚያመርቱ አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው ነበር። በጊዜው ተመን 750 ብር ያህል መሆኑ ነው። ይህ ደመወዝ እንዲህ ያነሰበት አንዱ ምክንያት ምንዛሪው ነው። 750 ብር ከ2002ቱ ቅነሳ በፊት 55 ዶላር ይሆን ነበር። በኋላ በመጣው በ58 ብር ተመን 13 ዶላር አይሞላም፤ በ130 ብር ደግሞ ከ6 ዶላር በታች ይወርዳል። ለባለ ፋብሪካው ብር በወረደ ቁጥር ጉልበት ይረክሳል። ለሠራተኛዋ ግን የቤት ኪራይዋም ዳቦዋም በብር ነው፤ ሁለቱም ይጨምራሉ። «ብር ሲቀንስ ኤክስፖርት ያድጋል» የሚለው የመጽሐፍ ትምህርት እውነት ቢሆንም፣ ዕድገቱ በማን ጀርባ እንደሚመጣ አብሮ ካልተነገረ ጎደሎ ነው።

ስለ ፓርኩና ስለ ዋናው ባለሀብቱ፣ ስለ አሜሪካው የልብስ ኩባንያ ፒቪኤች፣ በዓለም ባንክ በኩል በ2009 ዓ.ም. ከታተመ አንድ ጥናት አዘጋጆች መካከል አቶ ማሞ ምሕረቱ ይገኙበታል፤ ኋላ በ2015 ዓ.ም. የብሔራዊ ባንክ ገዥ የሆኑት እሳቸው ናቸው። እሳቸው ገዥ ሲሆኑ ፒቪኤች ሐዋሳን ለቆ ነበር። በሰሜኑ ጦርነት ሳቢያ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ ከቀረጥ ነፃ ዕድል እንደምታስወጣ ባሳወቀች ማግስት፣ ኅዳር 2014 ላይ ፋብሪካውን ዘጋ።

ከዚያ ወለዱ ተገለበጠ። በመጋቢት 2014 የፌዴራል ሪዘርቭ ወለድ መጨመር ጀመረ፤ እስከ ሐምሌ 2015 ከዜሮ አጠገብ ተነስቶ ከ5.25 እስከ 5.50 በመቶ ደረሰ። በቮልከር ዘመን ከታየው ወዲህ እንዲህ የፈጠነ አልነበረም። ወደ አፍሪካ የመጣው ገንዘብ ተመለሰ። ጋና በታኅሣሥ 2015 የውጭ ዕዳ ክፍያ አቆመች፤ ዛምቢያ ቀደም ብላ አቁማለች። ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2016 መክፈል የነበረባትን 33 ሚሊዮን ዶላር የቦንድ ወለድ ሳትከፍል ቀረች። ገንዘቡ ለአንድ አገር ትንሽ ነው፤ መንግሥት አበዳሪዎቹን ሁሉ በእኩል ለማየት ነው ያልከፈልኩት ብሏል። ያም ሆኖ የሐዋሳን አዳራሾች ያቆመው ብድር የተጠየቀበት ቀን ዶላር እጅግ የተወደደበት ቀን ሆኖ ተገኘ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ሰኞ ዕለት ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ለቀቀው። ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት በዚያው ቀን የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ፕሮግራም አጸደቀ። 58 ብር ግድም የነበረው ዶላር በዚያው ዕለት 74 ብር፣ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ፣ በዓመቱ ከ130 ብር በላይ ሆነ። ለብሔራዊ ባንክ የሚሰጠው የላኪዎች ድርሻ ቀረ፤ ላኪው የዶላሩን ግማሽ እንዲይዝ ተፈቀደለት። ታግደው የነበሩ 38 የዕቃ ዓይነቶች ወደ አገር እንዲገቡ ተፈቀደ። ባንኩም ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱን የፖሊሲ ወለድ አወጀ፣ 15 በመቶ። በታኅሣሥ 2017 የወጣው አዲስ አዋጅ ደግሞ መንግሥት ከባንኩ በቀጥታ የሚበደረውን ገንዘብ ገደበ።

የተገጣጠመው ጊዜ ለቡናው መልካም ነበር። በየካቲት 2017 የአረቢካ ዋጋ በኒውዮርክ ገበያ በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ወጣ፤ ኢትዮጵያም በ2017 በጀት ዓመት ከቡና ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አገኘች። ለዓመታት በኪሳራ የሚልክ ሰው የነበረበት ንግድ በራሱ ትርፍ ሊቆም ቻለ። በሲዳማ ያለው ገበሬ ለእሸት ቡና የሚጠይቀው ዋጋም ከፍ አለ፤ ይህ ሊደበቅ የማይገባ መልካም ዜና ነው። ደመወዝተኛው ግን፣ መምህሩ፣ ነርሷ፣ የፓርኩ ሠራተኛ፣ በዚያው ዓመት የመግዛት አቅማቸው ተሸረሸረ።

አሁን በሐዋሳ ቡና አቅራቢዎች ዘንድ ከዶላሩ እኩል የሚወራው ብድር ነው። ብሔራዊ ባንክ የዋጋ ንረትን ለማብረድ በነሐሴ 2015 ባንኮች ብድራቸውን በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያሳድጉ ገደበ፤ በኋላ ጣሪያውን ወደ 18 በመቶ ከፍ አደረገው። ንረቱ በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ 14 በመቶ ገደማ ስለወረደ ገደቡ ሥራውን አልሠራም ሊባል አይችልም። የእሸት ቡና ግዥ ግን ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት የሚያልቅ፣ ገበሬው በጥሬ ገንዘብ በዕለቱ የሚከፈልበት ንግድ ነው። ቀይ ፍሬ ለቅሞ ያመጣ ሰው ነገ ተመለስ አይባልም፤ ፍሬው በተለቀመበት ቀን መፈልፈል አለበት። የቡናው ዋጋ በብር ሲታይ እጥፍ ሲሆን አቅራቢው የሚያስፈልገው መሥሪያ ገንዘብም እጥፍ ይሆናል፤ የባንኩ ጣሪያ ግን በእጥፍ አላደገም። ትልቁ ላኪ የራሱ ዶላር አለው። በብድር የሚሠራው መካከለኛ አቅራቢ በመከር ወቅት ገበያውን ለእሱ እየለቀቀ ነው። መቀመጫቸውን ሐዋሳ ያደረጉት እንደ ሲዳማ ባንክ ያሉ አዳዲስ ባንኮችም በ2013 ዓ.ም. በወጣው የ5 ቢሊዮን ብር ዝቅተኛ ካፒታል መመሪያ ምክንያት ገንዘብ እያሰባሰቡ ባለበት ሰዓት ይህን ክፍተት ብቻቸውን ሊሞሉት አይችሉም። የብሔራዊ ባንክ የገንዘብ ፖሊሲ ኮሚቴ ስለ ብድር ጣሪያው በተሰበሰበ ቁጥር የሲዳማን የመከር ወራት አስቦ ቢወስን፣ ለምሳሌ ለወቅታዊ የግብርና ብድር የተለየ መስኮት ቢከፍት፣ የመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚዎች እነዚህ አቅራቢዎችና ፍሬያቸውን ይዘው በማጠቢያው በር ላይ የሚሰለፉት ገበሬዎች ይሆናሉ።